አደይ አበባን ስንለይ የሚፈጠሩ ስህተቶች

መስከረም ሲጠባ ደጋው ቢጫ ይለብሳል። ቢጫ ያበበ ሁሉ ግን አደይ አይደለም።

ትልቁ ስህተት በቀለሙ ብቻ መፍረድ ነው። ኑግም ቢጫ ነው፤ የኑግ የዱር ዘመድ የሆነው መጭም ቢጫ ነው። ሁለቱም የሚያብቡት አደይ በሚያብብበት ሰሞን ስለሆነ ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አንድ ይመስላሉ። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ቅጠሉን ማየት ነው። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። የኑግና የመጭ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ፣ ረዘም ያለ ሲሆን የቅጠሉ መነሻ ግንዱን አቀፍ ያደርገዋል። እርግጠኛ ካልሆኑ አበባውን በእርጋታ ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። በኑግና በመጭ ጀርባ ቅጠል የሚመስሉ 5 ሰፋፊ አረንጓዴ ሽፋኖች አሉ። በአደይ ጀርባ ያሉት የውጭ ሽፋኖች ጠበብ ያሉ ናቸው፤ ከነሱ ሥር ደግሞ ሳሳ ያለ ሌላ ረድፍ አለ። እኔ ከምንም በላይ የማምነው ይህን ምልክት ነው።

ሌላው ስህተት «8 የአበባ ቅጠል ካለው አደይ ነው» ማለት ነው። ኑግም ብዙውን ጊዜ 8 አለው፤ በአደይም ቁጥሩ ከአበባ አበባ ይለያያል። እንዲያውም እነዚያ «ቅጠሎች» እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። መሐል ላይ የተጠቀጠቁት ጥቃቅኖቹም እንደዚሁ። አንድ አበባ የምንለው የአበቦች ስብስብ ነው።

አደይን አንድ ዝርያ ብቻ አድርጎ ማሰብም ያሳስታል። በሳይንሳዊ ስማቸው ባይደንስ ማክሮፕተራ፣ ባይደንስ ፓኪሎማና ባይደንስ ፕሬስቲናሪያ የሚባሉት ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ የሁለት ቦታ አደይ ቅጠሉ ትንሽ ቢለያይ አይደንግጡ።

ከላይ ብቻ ፎቶ አንስቶ ለስልክ አፕ መስጠትም ብዙ አይረዳም። ጀርባውን፣ ቅጠሉንና ግንዱንም ያንሱ።

በአበባው ጊዜ መለየት ካቃተዎት ፍሬው እስኪደርስ ይታገሡ። የኑግ ፍሬ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና ለስላሳ ነው። የባይደንስ ማክሮፕተራ ፍሬ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ በጎንና ጎኑ ክንፍ አለው።

ለማጣራት ብሎ ከነሥሩ መንቀል ደግሞ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነው። ተክሉ ለከርሞ የሚበቅለው ከዘሩ ነው። አበባውን እዚያው ቆሞ ገልብጦ ማየት ይቻላል።