በገመድ አልባ ሞጁሎች ብሬክአውት ቦርድ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴንሰሩ በትክክል ያነባል። ኮዱም ያለ ችግር ይጫናል። ዳታው ግን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኮዱን መወንጀል ይጀምራል፤ ላይብረሪ ይቀይራል፣ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ይጽፋል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ገመድ አልባ ሞጁሉ የተበየደበትን ትንሽ ቦርድ፣ ማለትም ብሬክአውት ቦርዱን ነው።

የኢኤስፒ-12 (በኢኤስፒ8266 ቺፕ የሚሠራ የዋይፋይ ሞጁል) እና የኤክስቢ (የሬዲዮ ሞጁል) ፒኖች በ2 ሚሊሜትር ርቀት ይቀመጣሉ። ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት የብሬድቦርድ ቀዳዳዎች ደግሞ በ2.54። ብሬክአውት ቦርድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ከዚህ ሌላ ምንም አይሠራም። ሌላው ሬጉሌተርም (የገባውን ቮልት ሞጁሉ ወደሚፈልገው መጠን የሚያወርድ) የዩኤስቢ ቺፕም አለው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የብዙ ጣጣ መነሻ ነው።

ሬጉሌተር ይኖረዋል ብሎ መገመት

ነጯን የኢኤስፒ-12 ማስቀመጫ ቦርድ ገልብጣችሁ እዩ። ከጀርባዋ የሬጉሌተር ቦታ አለ፣ ግን ባዶ ነው። ከፊት በኩል ደግሞ ዜሮ ኦም ሬዚስተር አለ፤ የገባውን ቮልት በቀጥታ ወደ ሞጁሉ ያሳልፋል። 5 ቮልት ከሰጣችሁት ቺፑ ላይ ነው የሚያርፈው። ኢኤስፒ8266 ደግሞ ከ3.6 ቮልት በላይ አይወድም። ሙሉ የተሞላ የሊቲየም ባትሪ 4.2 ስለሆነ እሱም በቀጥታ አይገናኝም። ሬጉሌተር ከበየዳችሁ ያችን ዜሮ ኦም ሬዚስተር ማንሳት አትርሱ። ካልተነሳች ሬጉሌተሩ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።

ቮልቱን አይቶ አምፔሩን መርሳት

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያለፋው ይሄኛው ነው። ኢኤስፒ8266 ዋይፋይ ላይ ሲልክ ለቅጽበት ከ300 ሚሊአምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። የአርዱይኖ ኡኖ የ3.3 ቮልት ፒን የሚሰጠው 50 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሞጁሉ ይነሳል፣ ጽሑፍ ያወጣል፣ ልክ ዋይፋይ ለመገናኘት ሲሞክር ራሱን ሪሴት ያደርጋል። ከዚያ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። መልቲሜትር ስታስጠጉ 3.3 ያሳያል፣ «ፓወሩማ ደህና ነው» ትላላችሁ። መልቲሜትር ግን ቀርፋፋ ነው፤ ለሚሊሰከንድ የሚወርደውን ቮልት አያየውም።

መፍትሔው 500 ሚሊአምፔር ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ሬጉሌተር ነው። ከዚያ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቮልቱ ለቅጽበት ሲወርድ የሚደግፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማከማቻ)፣ አጠገቡ ደግሞ የ0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ። ካፓሲተሩ ከሞጁሉ ፒኖች ሥር ይቀመጥ፤ ብሬድቦርዱ ሌላ ጫፍ ላይ ከተሰካ ጥቅሙ ይቀንሳል። ቀጭንና ረጅም ጃምፐር ሽቦም ቮልት ይበላል። ኤንአርኤፍ24ኤል01 የሚባለው የሬዲዮ ሞጁል ላይም ነገሩ ያው ነው፤ «ይሄ ሞጁል የማይረባ ነው» የሚባልለት አብዛኛው ጊዜ ካፓሲተር ስለሌለው ነው።

ሲነሳ ተጽዕኖ የሚያደርጉ ፒኖችን ለሴንሰር መስጠት

ኢኤስፒ8266 ሲነሳ ጂፒአይኦ0 እና ጂፒአይኦ2 የሚባሉት ፒኖች ከፍ (3.3 ቮልት)፣ ጂፒአይኦ15 ደግሞ ዝቅ (ግራውንድ) ማለት አለባቸው። ጂፒአይኦ0 ላይ የተሰካ ሴንሰር በዚያች ቅጽበት ወደ ግራውንድ ከሳበው፣ ሞጁሉ ፕሮግራም ለመቀበል ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሴንሰሩን ስትነቅሉት የሚነሳ፣ ስትሰኩት የሚሞት ከሆነ ነገሩ ይሄው ነው።

የሲግናል ቮልት

ኤችሲ-05 ብሉቱዝ ከነብሬክአውቱ 5 ቮልት ፓወር ይቀበላል። ዳታ የሚቀበልበት የአርኤክስ ፒኑ ግን የ3.3 ቮልት ነው። ከ5 ቮልት ቦርድ ጋር ስታገናኙ በ1 ኪሎኦም እና በ2 ኪሎኦም ሬዚስተር ከፋፍሉት፣ ወደ 3.3 ይወርዳል። ኤንአርኤፍ24ኤል01 ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሲግናል ፒኖቹ 5 ቮልት ይችላሉ፣ ፓወሩ ግን ከ3.6 ማለፍ የለበትም። ስለዚህ «ሌላኛው ችሏል» ብሎ ነገር የለም፣ የእያንዳንዱን ዳታሺት (የአምራቹን የመረጃ ሰነድ) ማየት ነው።

አንቴናን እንደ ጌጥ ማየት

ቦርዱ ላይ የታተመችው ጠመዝማዛ መስመር አንቴና ናት። ከሥሯ መዳብ፣ ባትሪ ወይም የብረት ሳጥን ካለ ርቀቱ ክፉኛ ይቀንሳል። የሞጁሉ አንቴና ያለበት ጫፍ ከቦርዱ ጠርዝ ውጪ ቢወጣ ጥሩ ነው። ሎራ (ረጅም ርቀት የሚልክ ሬዲዮ) የምትጠቀሙ ከሆነ ያለ አንቴና እንዲልክ አታድርጉ፤ የማሰራጫው ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ተራ ሽቦም ይበቃል፣ ርዝመቱ ግን ልክ ይሁን፦ ለ868 ሜጋኸርዝ 8.6 ሴንቲሜትር፣ ለ433 ሜጋኸርዝ 17.3። ሞጁሉን ከመግዛታችሁ በፊት አገራችሁ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ እንደምትፈቅድ አጣሩ። አውሮፓና አሜሪካ እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም።

የእንቅልፍ ፍጆታን ከቺፑ ዳታሺት ላይ ማንበብ

ኢኤስፒ8266 በጥልቅ እንቅልፍ ወደ 20 ማይክሮአምፔር ይስባል። ቁጥሩ ያጓጓል። ቦርዱ ላይ ያለው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር ግን ብቻውን ወደ 5 ሚሊአምፔር ይበላል። የ2000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ በ5 ሚሊአምፔር ሲሰላ 400 ሰዓት ነው፣ 17 ቀን እንኳ አይሞላም። ያም ምንም ሳይላክ! የፓወር መብራቷና የዩኤስቢ ቺፑ ሲጨመሩ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ ይሄ ሬጉሌተር ከሚያወጣው ከ1 ቮልት በላይ ትርፍ መግቢያው ላይ ይፈልጋል፤ 3.7 ቮልት ካለው ባትሪ የተረጋጋ 3.3 አትጠብቁ። ለሎራ እንደ ኤምሲፒ1700 ያለ፣ ራሱ 1.6 ማይክሮአምፔር ገደማ ብቻ የሚበላ ሬጉሌተር ይበቃል። ለዋይፋይ ግን ሊሰጥ የሚችለው 250 ሚሊአምፔር ያንሳል።

ኢኤስፒ8266 በራሱ ሰዓት እንዲነቃ ጂፒአይኦ16 ከሪሴት ፒን ጋር መገናኘት አለበት። ኢኤስፒ-01 ላይ ይህ ፒን ጭራሽ ወደ ውጪ አልወጣም፤ የቺፑ እግር ላይ ፀጉር የሚያህል ሽቦ መበየድ ይጠይቃል። በባትሪ ለሚሠራ ሴንሰር ኢኤስፒ-12ን ውሰዱ፣ ከዚህ ሁሉ ትገላገላላችሁ።