በክብ መጋዝና በመሪ ሐዲድ 90 ዲግሪውን የጠበቀ ቁርጥ ማውጣት

መሪ ሐዲድ (መጋዙ ተደግፎት የሚሄድ ቀጥ ያለ መምሪያ) የሚሰጠው ቀጥታ መስመር ነው፤ ስኳድራን፣ ማለትም የ90 ዲግሪ ማዕዘንን፣ አይሰጥም። ዘንበል ብሎ ከታሰረ መጋዙ ያንኑ ዝንባሌ አንድም ሳያዛንፍ ይከተለዋል። ቁርጡ ስኳድራ የሚይዘው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ዲስኩ ከመጋዙ የታች ሳህን ጋር 90 ዲግሪ ሲሆን፣ ሐዲዱ ከመነሻው ጠርዝ (ማዕዘኑ ከሚለካበት የእንጨቱ ጎን) ጋር 90 ዲግሪ ሲሆን፣ መነሻው ጠርዝ ራሱ ቀጥ ያለ ሲሆን። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ አይቶ ይቆርጣል፤ ጉዳቱ የሚታየው ሳጥኑ ሲገጣጠም ነው።

ከመጋዙ ይጀምሩ። መሰኪያውን ይንቀሉ ወይም ባትሪውን ያውጡ። ዲስኩን እስከ መጨረሻው ጥልቀት አውርደው ትንሽ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ መሣሪያ) በሳህኑና በዲስኩ ገላ መካከል ያቁሙ። ስኳድራው ጥርሱን መንካት የለበትም፤ ጥርሱ ከገላው ስለሚወፍር ያሳስታል። በመጋዙ ላይ የታተመው የዲግሪ ማሳያ 0 ላይ መቆሙ ማረጋገጫ አይሆንም። ማረጋገጫው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ ቆርጦ፣ አንዱን ቁራጭ ላዩን ወደ ታች ገልብጦ የተቆረጡትን ፊቶች ማጋጠም ነው። ክፍተት ከታየ የስህተቱ እጥፍ ነው።

ቀጥሎ ዲስኩ ከሳህኑ ጎን ጋር ትይዩ መሆኑን ይዩ። አንድ ጥርስ ላይ ምልክት አድርገው፣ ጥርሱ ከፊት ሳለ ከሳህኑ ጠርዝ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙረው ደግመው ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ የኋላዎቹ ጥርሶች የተቆረጠውን ፊት እየፋቁ ያቃጥሉታል፣ ጠርዙንም ይቦጭቁታል።

ስኳድራውም ይፈተናል። ቀጥ ባለ ጠርዝ ላይ አስደግፈው በስል እርሳስ መስመር ያስምሩ፤ ስኳድራውን ገልብጠው ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር ያስምሩ። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሁለቱ መስመሮች በ1 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ ስኳድራው በግማሽ ሚሊ ሜትር ይስታል። ትንሽ ይመስላል፤ 120 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ኮምፔንሳቶ ላይ ግን 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በር ላይ ዓይን የሚገባ ስህተት ነው። ለሰፊ ሥራ የ3-4-5 ዘዴ ይሻላል፦ ከአንድ ነጥብ በጠርዙ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሐዲዱ መስመር ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉ። በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው።

የፋብሪካ ሐዲድ ከሌለ በቤት የሚሠራው ምንም አያንሰውም። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ሰሌዳ) ለመሠረት ያዘጋጁ። በላዩ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ መደገፊያ በሙጫና በብሎን ይያያዛል። መደገፊያው ከዚህ ከወፈረ ሞተሩ ሊገጨው ይችላል፤ ከመለጠፍዎ በፊት ዲስኩን ወደ ሥራው ጥልቀት አውርደው ያሳልፉት። ሙጫው ሲደርቅ መጋዙን መደገፊያው ላይ አስጠግተው የመሠረቱን ትርፍ ይቁረጡ። ከዚያ በኋላ የመሠረቱ ጠርዝ ዲስኩ የሚያልፍበት ትክክለኛ መስመር ነው፤ ምልክቱ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። ይህ የሚሠራው ግን ለዚያው መጋዝና ለዚያው የዲስክ ውፍረት ነው። የፋብሪካ ሐዲድም ቢሆን መጋዙ ላዩ ላይ ወደ ጎን መወዛወዝ የለበትም፤ የማጥበቂያ ብሎን ካለው ሳይንገጫገጭ እስኪንሸራተት ያስተካክሉት።

ርዝመት ላይ አይቆጥቡ። ሐዲዱ ከሚቆረጠው እንጨት በሁለቱም በኩል ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝም። ዲስኩ እንጨቱን ሳይነካ ሳህኑ መደገፊያውን መያዝ አለበት፤ ሲወጣም እንዲሁ። መግቢያ ወይም መውጫ ላይ የሚታይ ጥምዝ ቁርጥ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

እንጨቱን 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጠንካራ ፎም ላይ ሙሉ በሙሉ ያስተኙ። በሁለት ወንበሮች መካከል አንጠልጥሎ መቁረጥ አደገኛ ነው፤ እንጨቱ መሐሉ ላይ ሲረግብ ቁርጡ ይዘጋል፣ ዲስኩን ይነክሰዋል፣ መጋዙም ወደ ቆራጩ ይወረወራል። የክብ መጋዝ ጥርስ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚቦጨቀው የላይኛው ፊት ነው፤ ስለዚህ መልካሙ ፊት ወደ ታች ይሁን። ለኮምፔንሳቶ ከ40 እስከ 60 ጥርስ ያለው ዲስክ ይምረጡ፤ 24 ጥርስ ያለው በቃጫው አቅጣጫ ለመሰንጠቅ ነው። ዲስኩ ከእንጨቱ በታች 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢወጣ ይበቃል።

ዲስኩ ራሱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል። ስለዚህ ሐዲዱ በሚፈለገው ቁራጭ ላይ ተቀምጦ ዲስኩ በሚጣለው ወገን ማለፍ አለበት። ልኩ ሁልጊዜ በ3 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ከሆነ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ከሐዲዱ ሥር ብናኝ ይጥረጉ፣ ሐዲዱን በሁለት ሞርሳ (ማጥበቂያ መቆንጠጫ) ከእንጨቱ ጋር ያጥብቁ፣ ከዚያ ስኳድራውን እንደገና ያረጋግጡ፤ ሞርሳ ሲጠብቅ ሐዲዱን መግፋት ልማዱ ነው።

የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ ለብናኙም ጭንብል ያድርጉ። የኤሌክትሪክ ገመዱ በሐዲዱ ጫፍ እንዳይያዝ በትከሻዎ ላይ ያሳልፉት፤ መሐል ላይ ገመድ የያዘው መጋዝ ይቆማል ወይም ይጣመማል። ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን ሲይዝ ብቻ ይግቡ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት ወደ ፊትና በትንሹ ወደ መደገፊያው ይግፉ። ዲስኩ እየዞረ መጋዙን ወደ ኋላ አይጎትቱ።

ለመፈተሽ ሰያፎችን (ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያሉትን ርቀቶች) መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ተቃራኒ ጎኖች እኩል ካልሆኑ ሰያፎቹ እኩል ሆነውም ማዕዘኑ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። በሐዲዱ ላይ የሚታሰር ቋሚ ስኳድራ ለሚጠቀም ሰው የአምስት ቁርጥ ፈተና አስተማማኝ ነው። አንድ ሰሌዳ ወስደው አራቱን ጎኖች በተራ ይቁረጡ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አሁን የተቆረጠው ጎን የሚቀጥለው መነሻ ይሁን። በአምስተኛው የመጀመሪያውን ጎን ደግመው በመቁረጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዘንግ ያውጡ። የዘንጉን ስፋት በሁለቱ ጫፎች በካሊፐር (ጥቃቅን ልክ መለኪያ መሣሪያ) ለክተው ልዩነቱን ለ4 ያካፍሉ። 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ዘንግ ላይ ልዩነቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን እውነተኛው ስህተት 0.2 ነው፤ ለቁም ሣጥን ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ቁራጩ በ1 ሚሊ ሜትር ተርፎ መላጨት ካስፈለገ ዲስኩ በአንድ ጎኑ ብቻ እየበላ ወደ ባዶው ወገን ይሸሻል። እኩል ውፍረት ያለው ትርፍ እንጨት ከጠርዙ ጋር አጋጥመው ሁለቱንም በሞርሳ ያጥብቁና ዲስኩን በመካከላቸው ያሳልፉት።