በዋታሙና በማሊንዲ የባሕር ወፎችን ለማየት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኬንያ ጠረፍ፣ ከሞምባሳ በስተሰሜን ዋታሙ አጠገብ ሚዳ ክሪክ የሚባል ማንግሮቭ (ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) የከበበው የባሕር ሰርጥ አለ። ውኃው ሲሸሽ ሰፊ ጭቃና አሸዋ ይገለጣል፤ ከሳይቤሪያና ከመካከለኛው እስያ ድረስ የመጡ ወፎች ትልና ሸርጣን ይለቅሙበታል። ማሊንዲን አለፍ ሲሉ ደግሞ የሳባኪ ወንዝ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚቀላቀልበት ቦታ ይገኛል። በወፍ ሀብት እነዚህን የሚያህል ቦታ በዚያ ጠረፍ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ሄዶ «ምንም የለም» ብሎ የሚመለስ ሰው አይጠፋም።

ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ መውጣት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እዚህ ጠረፍ ላይ 3 ሜትር ያልፋል። በእነዚያ ቀናት ውኃው ጨርሶ የሚሸሸው ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን የሚሞላው ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ቁርሱን ጨርሶ ረፋዱ ላይ የደረሰ ሰው ወፎቹን ከውኃው ጠርዝ፣ እጅግ ርቀው ያገኛቸዋል። ከጭቃው የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ስለሚያንቀጠቅጠው ጥሩ ቴሌስኮፕም ብዙ አይረዳም።

ውኃው ሊሞላ 3 ሰዓት ያህል ሲቀረው ቦታ ይዘው ይጠብቁ። እየገፋ የሚመጣው ውኃ ወፎቹን ራሱ ያቀርብልዎታል። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ ጨረቃ ከሞላች አንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ወደ 11 ሰዓት ይጠጋል፤ ልዩነቱ ገና ትልቅ ነው፣ ሙቀቱም በርዷል። ቀን መምረጥ ከቻሉ ይህን ይምረጡ። ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሰሞን ሙላቱ ጠዋት ላይ ስለሚውል ይመቻል፤ ግን ውኃው ጭቃውን በሙሉ ስለማይሸፍን ወፎቹ ያን ያህል አይቀርቡም።

የሰንጠረዡን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዥ ላይ 10:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ይህን የዘነጋ ሰው የሚስተው በ6 ሰዓት ነው፤ ከሙላት እስከ ሽሽት ያለው ጊዜም 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሙላቱን ፈልጎ ሽሽቱ ላይ ይደርሳል። ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ሲቀጣጠሩም ይጠንቀቁ። ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፣ «ሳ ንኔ» ካለ 4 ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ያንኑ ሰዓት 10 ይለዋል።

ወሩን አለማየት

ስደተኞቹ ወፎች መግባት የሚጀምሩት ነሐሴ ላይ ነው፤ እስከ ሚያዝያ ይቆያሉ። ለገና ወይም ለጥምቀት የሄደ ሰው በብዛት ያገኛቸዋል። ፋሲካ ሰሞን ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ በዚያ ፈንታ ለእርባታ ላባ የቀየሩትን ያያሉ፣ ከርሉ ሳንድፓይፐር የሸክላ ቀለም ይይዛል፣ የሳንድ ፕሎቨር ደረት ብርቱካናማ ይሆናል። በሰኔና በሐምሌ የሚቀሩት በአብዛኛው ገና ለመራባት ያልደረሱ ናቸው። ልጆች ትምህርት ሲዘጋላቸው የሚሄድ ቤተሰብ ሚዳን ትቶ ሳባኪ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ከማዳጋስካር የሚመጣው ፕራቲንኮል የሚባል ወፍ በዚያ ወቅት በመንጋ ይገኛል።

በላባ ቀለም ለመለየት መሞከር

ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ግራጫ ወይም ቡናማ ነው። ምንቃሩን፣ እግሩንና አለቃቀሙን ይዩ። ከርሉ ሳንድፓይፐር ምንቃሩ ረጅም ሆኖ ወደ ታች ይጎብጣል፣ ሲበር ከጅራቱ በላይ ነጭ ይታያል። ቴሬክ ሳንድፓይፐር ምንቃሩ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፣ እግሩ አጭርና ቢጫ፤ ሸርጣን ሲያሳድድ አንገቱን አቀርቅሮ ይሮጣል። ግሬይ ፕሎቨር ቆሞ ሳለ ምንም የማይለይ ይመስላል፤ ክንፉን ሲያነሳ ግን ብብቱ ጥቁር ነው።

ብዙ የሚያከራክሩት ሁለቱ ሳንድ ፕሎቨሮች፣ ትልቁና ትንሹ፣ ናቸው። መጠናቸውን ለብቻ አይመኑ። የምንቃሩን ርዝመት ከምንቃሩ ሥር እስከ ዓይኑ ጀርባ ካለው ርቀት ጋር ያነጻጽሩ፦ ምንቃሩ ከበለጠ ትልቁ፣ እኩል ወይም አጭር ከሆነ ትንሹ ነው። የትልቁ እግር አብዛኛውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ቢጫ ያደላል፣ የትንሹ ጠቆር ይላል። ወፉ ፊቱን አዙሮ የቆመ ከሆነ አይቸኩሉ፣ ጎኑን እስኪሰጥዎ ይጠብቁ።

ክራብ ፕሎቨር ግን አያሳስትም፤ ጥቁርና ነጭ፣ ወፍራም ጥቁር ምንቃር፣ ረጅም ሰማያዊ ግራጫ እግር። ዳህላክን ጨምሮ በቀይ ባሕር ደሴቶችና በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ አሸዋ ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ይፈለፍላል፤ ሚዳ የሚመጣው ከእርባታው ወቅት ውጭ ነው። ከመሄድዎ በፊት አቢጃታ ወይም ዝዋይ ላይ ቢለማመዱ ይጠቅማል፣ ሊትል ስቲንትን የመሳሰሉት እዚያም አሉ።

ነጩን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ተርን የሚባሉትን ነጣ ያሉ የባሕር ወፎች ምንቃራቸው ይለያቸዋል፦ ብርቱካናማው ሌሰር ክሬስትድ፣ ቢጫው ግሬተር ክሬስትድ፣ ወፍራም ቀዩ ካስፒያን፣ ጥቁሩና አጭሩ ገል ቢልድ ተርን። ቡናማው፣ ራሱ የጠቆረው ሱቲ ገል ነው። ቦቢና ሺርዎተር የሚባሉት የጥልቅ ባሕር ወፎች ግን ከሆቴሉ በረንዳ እምብዛም አይታዩም፤ እነሱን የፈለገ ጀልባ ይዞ ከኮራል ሪፉ ወጥቶ ጥልቁ ባሕር ላይ መድረስ አለበት።

ለፎቶ ብሎ መጠጋት

ባሕሩ ሲሞላ ወፎቹ የሚያርፉት በቀረችው ደረቅ ቦታ ነው፤ ከዚያ ከተነሱ መሄጃ የላቸውም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ለረጅሙ በረራ ስብ የሚያከማቹበት ጊዜ ነው፣ አንዳንዶቹ ክብደታቸውን ወደ እጥፍ ያደርሳሉ፤ በየጊዜው ማስነሳት ያንን ማባከን ነው። ምልክቱ ቀላል ነው። መልቀማቸውን ትተው አንገታቸውን ካስረዘሙ ይቁሙ። ተጠጋግተው መራመድ ከጀመሩ ወደ ኋላ ይመለሱ። ሚዳ ላይ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው የእንጨት ድልድይ ማንግሮቩን አቋርጦ መመልከቻ ጎጆ ድረስ ይወስዳል፤ ከዚያ ሆነው ቢያዩ ጭቃውም አይውጥዎትም፣ ከኋላ የሚሞላው ውኃም አይዘጋብዎትም።

ሌንሱን በካናቴራ መጥረግ

የባሕር ዳር አሸዋ ሌንስ ይጭራል። መጀመሪያ በማናፈሻ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ ይጥረጉ። ባይኖኩላሩ ውኃ የማያስገባ ከሆነ ማታ ማታ ጨዉን በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት፤ ካልሆነ በረጠበ ጨርቅ ውጭውን ብቻ ይጥረጉ። ሊገዙ ካሰቡ 8×42 (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያጎላው በባሕር ነፋስ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል።