በውርጭ ሌሊት የሚጠፋው የውኃ ታንከር ሴንሰር

ደብረ ብርሃን ላይ የታንከራችንን የውኃ መጠን በዋይፋይ የሚልከው ሴንሰር ቀን ደህና ይሠራና የኅዳር ውርጭ ሲወርድ ይጠፋ ነበር። ፓምፑን የሚያስነሣው ማብሪያ የሚጠብቀው ይህንኑ መልእክት በመሆኑ ጠዋት ውኃ የለም።

ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ኃይሉ ላይ ነው። ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ባለዋይፋይ ቺፕ፣ ኢኤስፒ8266፣ መልእክት ሲልክ ለቅጽበት እስከ 300 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል። ሴንሰሩን የሚያሠራው ባትሪ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር በዚያች ቅጽበት ቮልቱ ይወርድና ቺፑ እንደ አዲስ ይነሣል። በዚያ ላይ ቦርዱ ላይ ያለው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር (ቮልቱን ለቺፑ በሚስማማ መጠን የሚያስተካክለው ክፍል) 3.3 ቮልት ለመስጠት ከ4 ቮልት በላይ ይፈልጋል፤ የ3.7 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ይህን ከየት ያመጣል?

ሬጉሌተሩን ነቅዬ የ3.2 ቮልት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ በቀጥታ አገናኘሁ። ከቺፑ የኃይል እግሮች አጠገብም ለዚያች ቅጽበት የሚሆን ኃይል አከማችቶ የሚሰጥ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየድኩ፤ ነጭ መስመር ያለበት እግር ወደ ነጌቲቭ ነው የሚገባው፣ ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል። አሁን ውርጩ ሣሩን አንጥቶ ባደረበት ጠዋት እንኳን መልእክቱ አይቋረጥም። ይህን ዓይነት ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ስለሚጎዳው የምሞላው ቤት አስገብቼ ነው።