ቡና ማፍላት የተዉት እናት፦ ድባቴን ስናክም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ውስጥ ሕክምና በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ከደምቢያ መጡ። ፌስታላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። የጨጓራው ኦሜፕራዞል፣ አንቲባዮቲኩ ሲፕሮ፣ ቫይታሚኑ ቢ ኮምፕሌክስ። «ልጄ፣ ራሴን ያቃጥለኛል። ሆዴንም ባር ባር ይለኛል» አሉኝ። እኔም ወግ ነውና ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ ምርመራ አዘዝኩ። ደከም ያለ ፖዘቲቭ መጣ። ፌስታሉ ላይ ሌላ ሲፕሮ ጨመርኩ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ እንባ መጠበቅ። እኛ ዘንድ ድባቴ የያዘው ሰው «ከፍቶኛል» ብሎ ካርድ አያወጣም። ራሴን፣ ወገቤን፣ ጨጓራዬን ነው የሚለው። ምርመራው ንጹህ ሲሆን ደግሞ «ምንም የለብዎትም» ብለን እንሸኛለን። እንቅልፍ አጥቶ ለከረመ ሰው ይህ ስድብ ነው። በቅድሚያ ሁለት ነገር እንጠይቅ። ባለፉት 2 ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ከፍቶዎታል ወይ? ደስ ይልዎት የነበረው ነገርስ አስጠልቶዎታል? ከሁለቱ አንዱ ካለ ወደ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም፣ ራስን መውቀስ እንሻገራለን። ከድባቴ 9 ምልክቶች 5ቱ ተገኝተው ኑሮን ካወኩ ድባቴ ነው። ጥያቄው ግን ከመጽሐፍ እንደወረደ አይሠራም። እኚያን እናት በሁለተኛው ቀጠሮ «ቡና ያፈላሉ?» አልኳቸው። «ኧረ ተወው ልጄ፣ ቡና ካፈላሁ ስንት ጊዜዬ! ሰው ያስጠላኛል።» ያኔ ገባኝ።

ሁሉን ድባቴ ማለትም አለ። ደም ማነስ፣ እንቅርት፣ ቲቢ፣ አረቄ ቀድመው ይታዩ። ደግሞም ሳይተኛ ጉልበቱ የሚትረፈረፍበት፣ ገንዘቡን የሚበትንበት ጊዜ ነበረው ወይ ብለን እንጠይቅ። ይህ ባይፖላር ይባላል፤ ስሜት ከድባቴ ወደዚህ ዓይነት ግለት (ማኒያ) የሚዋዥቅበት ሕመም ነው። ባይፖላር ለሆነ ሰው የድባቴ መድኃኒቱ ፍሎክሰቲን ብቻውን ከተሰጠ ማኒያ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ስለ ሞት ለመጠየቅ መፍራት ከሁሉ የከፋው ነው። «ሐሳቡን እኔው እንዳልሰጠው» ይባላል። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም። «ምነው በሞትኩ ያሉበት ቀን አለ?» ብሎ መጀመር ይቻላል። ራሱን የማጥፋት ዕቅድ ካለው ብቻውን አይላክም፤ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ይታይ። ቤት ያለውን የተባይ መድኃኒት ቤተሰብ ያርቅ። የቆየውን የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን የወር ሙሉ አስታቅፎ መሸኘትም አደጋ ነው፤ በአንዴ ከተዋጠ የልብ ምትን አዛብቶ ይገድላል።

አሚትሪፕቲሊን ካነሳን፣ ማታ ማታ 25 ሚሊግራም ሰጥቶ መጠኑን ሳያሳድጉ እዚያው መተው ድባቴን ማከም አይደለም። ማረጋጊያው ዲያዜፓምማ ጭራሽ፤ ሱስ ያስይዛል። ፍሎክሰቲን 20 ሚሊግራም ከተጀመረ ለውጡን በደንብ ለማየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል። ይህን ቀድመን ካልነገርን ታማሚው በአምስተኛው ቀን «አልተስማማኝም» ብሎ ይጥለዋል። ከተሻለው በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል አለበት።

ጸበል ወይስ ክኒን ብሎ ማስመረጥ? ጎንደር ላይ ይህን የሞከረ ሐኪም ታማሚውን ያጣል። ይጠመቁ፣ ክኒኑንም አያቋርጡ ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን እኔም ረስቼ ነበር። እኚያ እናት መሻል ጀምረው ዐቢይ ጾም ላይ ተመልሰው ከፋባቸው። ለካ ክኒኑን በጠዋት ብዬ ስላዘዝኩ ጾሙ እንዳይፈርስ ትተውት ኖሯል። ፍሎክሰቲን በቀን አንዴ የሚወሰድ፣ ደም ውስጥም ረጅም ጊዜ የሚቆይ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምግቡ ጋር ቢውጡትም ይሆናል።

«ምነው ቢነግሩኝ?» አልኳቸው።

«አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?»