ተራራው አንድ አይደለም፦ ስለ ሠዓሊው አሎይስ ካሪጄት ስናወራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሾጣጣ ቆብ ያጠለቀ ትንሽ ልጅ። እጁ ላይ ከአቅሙ በላይ የሆነ ትልቅ ቃጭል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ትንሽ የቆየ ሰው ይህን ሥዕል የሆነ ቦታ ሳያየው አይቀርም፤ የመጻሕፍት መደብር፣ የሕፃናት ክፍል፣ የስጦታ ዕቃ ቤት። ልጁ ኡርስሊ ይባላል። የሣለው ሰው ደግሞ አሎይስ ካሪጄት፤ በ1902 ተወልዶ በ1985 ያረፈ፣ የግራውቡንደን ክልል ሰው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔም ካሪጄትን ከወደድኩት በኋላ ለወዳጅ ሁሉ ማውራት ጀመርኩ። ችግሩ፣ ካወራሁት ግማሹ ስህተት ነበር። ከታች ካሉት ውስጥ አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«ኡርስሊን የጻፈው እሱ ነው»

አልጻፈውም። ታሪኩን በግጥም የጻፈችው ሴሊና ቸንዝ ናት፤ የኤንጋዲን ሸለቆ ሴት። ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለ፣ ግን ዓይን ሥዕሉ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ስለዚህ የእሷ ስም ይረሳል። እሷ በ1940 አካባቢ ሣልልኝ ብላ ጠየቀችው፣ መጽሐፉ የወጣው በ1945 ነው። ለአንድ ቀጭን የልጆች መጽሐፍ አምስት ዓመት!

ታሪኩ አጭር ነው። በፈረንጆች መጋቢት (ማርች) 1 ልጆች ቃጭል እያንቃጨሉ ክረምቱን፣ ማለትም የበረዶውን ወቅት፣ ያባርራሉ። ትልቅ ቃጭል የያዘ ከፊት ይሰለፋል፣ ትንሽ የያዘ ከኋላ። ለኡርስሊ የደረሰው ከሁሉ ትንሹ ነው። ተናዶ አልቀረም፤ ተራራው ላይ ባለው የከብት ማሰማሪያ ጎጆ ውስጥ አንድ ትልቅ ቃጭል ተሰቅሎ እንደሚገኝ ትዝ አለው። በጥልቅ በረዶ መሐል ብቻውን ወጣ። ቃጭሉን አገኘ፣ ደክሞት እዚያው ተኛ። እናትና አባቱ ሌሊቱን ሙሉ በጭንቀት አለቁ። በነጋታው ሰልፉን ከፊት መራ።

ካሪጄት ራሱ የጻፋቸው መጻሕፍትም አሉ፣ ግን ዘግይተው የመጡ ናቸው። ከቸንዝ ጋር ሦስት መጽሐፍ ሠርቶ፣ የራሱን ሦስት ያወጣው በ1965፣ በ1967 እና በ1969 ነው። የመጀመሪያው ሲወጣ ዕድሜው ከስድሳ አልፏል። «ደራሲና ሠዓሊ» ማለት ይቻላል እንግዲህ፤ ኡርስሊ ላይ ግን አይቻልም።

«የሣለው የልጅነት መንደሩን ነው»

ይሄኛውን ስህተት ቀስ ብለን እንየው። ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው፤ ካሪጄት የተራራ ልጅ ነው፣ ኡርስሊ የተራራ ልጅ ነው፣ በቃ መንደሩ አንድ ነው። እኔም እንደዚያ ብዬ አምን ነበር።

ካሪጄት የተወለደው ትሩን ውስጥ ነው። ትሩን ያለችው ሱርሰልቫ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ፣ በራይን ወንዝ መነሻ አካባቢ ነው። የኡርስሊ መንደር የተሣለው ግን ጉዋርዳን አይቶ ነው። ጉዋርዳ ደግሞ በታችኛው ኤንጋዲን፣ ከኢን ወንዝ በላይ፣ 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ሁለቱም ግራውቡንደን ውስጥ ናቸው። ግን በመሐላቸው ትልልቅ ተራሮች አሉ። ትሩን የወረደ ውሃ በራይን አድርጎ ሰሜን ባሕር ይገባል። ጉዋርዳ የወረደው በዳኑብ አድርጎ ጥቁር ባሕር። የትሩን ሰው በልማዱ ካቶሊክ ነው፣ የጉዋርዳ ሰው ፕሮቴስታንት። ቋንቋቸውም ሮማንሽ ቢሆንም አነጋገሩ ይለያያል፣ አጻጻፉም እንደዚያው።

ቤቱስ? በሱርሰልቫ በፀሐይ የጠቆረ የእንጨት ቤት ብዙ ነው። በኤንጋዲን ግን ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ፣ ፊቱ በስግራፊቶ ያጌጠ ነው። ስግራፊቶ ማለት ልስኑን በሁለት ቀለም ደራርቦ፣ የላዩ ሳይደርቅ እየፋቁ የታችኛው ቀለም ጌጥ ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ካሪጄት ይህን ሁሉ ለማጥናት ወደ ጉዋርዳ ሄዶ ንድፍ ሠርቷል። ሰውየው ልጅነቱን እያስታወሰ ብቻ አልሣለም። እንግዳ ሆኖ ገብቶ፣ የሌላ ሸለቆ ቤቶችን በር በበር አይቶ ነው።

ይህ ለምን አስፈላጊ ሆነ? ሥዕሎቹን እንደ ትዝታ ካየናቸው ዝርዝሩ ያመልጠናል። እንደ ጥናት ካየናቸው ግን የበሩ ቅስት፣ የመስኮቱ ጥልቀት፣ የምንጩ ገንዳ ሁሉ አንድ በአንድ ይታዩናል።

መንገደኞችም ይህን ይስቱታል። ካሪጄትን ፍለጋ ጉዋርዳ ይወጣሉ። ጉዋርዳ ቆንጆ ናት፣ በኡርስሊ ስም የተሰየመ የእግር መንገድም አላት፣ ሂዱ። የሠዓሊውን ሥራ ለማየት ግን ቦታው ትሩን ነው። እዚያ «ኩኦርት ሊጃ ግሪሻ» በሚባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ያለው ሙዚየም ሥዕሎቹን ይዟል።

«ያልተማረ የገበሬ ሠዓሊ»

ሰው የሚወደው ተረት ነው። የእረኛ ልጅ፣ ንፁህ እጅ፣ ተራራው ያስተማረው። ግማሹ እውነት ነው፤ ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም፣ እሱም ከአሥራ አንድ ልጆች ሰባተኛው ነበር፣ የሥነ ጥበብ አካዳሚም አልገባም።

ሌላው ግማሽ ግን ተረቱን ያፈርሰዋል። በ1911፣ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ቤተሰቡ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ወደ ኩር ተዛወረ። እዚያ የቤት ቀለምና የጌጥ ሥራ ሙያ ተማረ። ግድግዳ መቀባት፣ ጽሑፍ መጻፍ፣ ጌጥ መሣል፤ ማለትም እጅ የሚያፍታታ ሥራ። በ1923 ዙሪክ ገብቶ በማስታወቂያ ድርጅት ተቀጠረ። ብዙ ሳይቆይ በ1927 የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ፖስተር ሠራ፤ ለልብስ ሻጭ፣ ለበዓል፣ ለቱሪዝም። በ1939 ዙሪክ ላይ ለተካሄደው ትልቁ የስዊዘርላንድ ኤግዚቢሽንም ፖስተር ሠርቷል። ለቲያትር መድረክና አልባሳት ነድፏል።

ካባሬ ኮርኒሾንም አለ። ስሙ «የሆምጣጤ ኪያር» እንደማለት ነው፤ ትንሿ፣ ጎምዛዛዋ። በ1934 ዙሪክ ውስጥ የተጀመረ የቀልድና የሽሙጥ መድረክ ነበር፣ በናዚዎችም ላይ የሚቀልድ። ድንበሩ ማዶ ሂትለር ተቀምጦ! ካሪጄት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፣ መድረኩንም እሱ ነበር የሚያሰናዳው። እንግዲህ ይህን ሰው የዋህ የገበሬ ሠዓሊ ማለት እንዴት ይሆናል?

አሁን ወደ ኡርስሊ ተመለሱ። ፖስተር የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ መንገደኛ አይቆምም። ስለዚህ ሥዕሉ ከሩቅ፣ በአንድ እይታ መነበብ አለበት። አንድ ትልቅ ቅርጽ፣ ዙሪያው ባዶ ቦታ፣ ጥቂት ደማቅ ቀለም። በኡርስሊ ውስጥ ያለው በረዶ ምንድን ነው? ያልተቀባ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል፣ ግን ቀዝቅዞን እናየዋለን። ነጩን ቦታ መተው ያስተማረችው ከተማ ናት። በእኔ ግምት ተራራው ርዕሱን ሰጠው፣ ዙሪክ ደግሞ እጁን።

«ከተማውን ጥሎ ሄደ፣ አልተመለሰም»

በ1939 ስቱዲዮውን ትቶ ወደ ፕላተንጋ መውጣቱ እውነት ነው። ፕላተንጋ በኦበርዛክሰን ያለች ትንሽ ሰፈር ናት። መጀመሪያ የገባበት ቤት መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበረውም። ገበሬ፣ ፍየል፣ ወፍ፣ በረዶ እያየ ሣለ። እዚያው ትዳር መሥርቶ ቤት ሠራ።

ነገር ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ ኦበርዛክሰን በሮማንሽ ተናጋሪዎች መሐል ያለች የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ደሴት ናት። ማለትም «ወደ ሥሩ ተመለሰ» የሚለው አባባል በትክክል አይሠራም፤ ቀረብ አለ እንጂ ቤቱ አልገባም። ሁለተኛ፣ በ1950 ተመልሶ ዙሪክ ወረደ። ምክንያቱ ትልቅ ፍልስፍና አይደለም፣ የልጆች ትምህርት ቤት ነው። ወላጅ የሆነ ሰው ይገባዋል። ትሩን የገባው በ1960 ነው፣ የሞተውም እዚያው።

«ሮማንሽ የጣልያንኛ ዘዬ ነው»

አይደለም፣ የጀርመንኛም አይደለም። ከላቲን የወጣ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ አምስት የተለያዩ የአጻጻፍ መልኮች አሉት። በ1938 የስዊዘርላንድ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ አራተኛ ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎታል። ያኔ ሙሶሊኒ «እነዚህ ጣልያኖች ናቸው» በሚልበት ዘመን ነበር፣ ስለዚህ «ዘዬ ነው» የሚለው አነጋገር ለሮማንሽ ተናጋሪዎች ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ ዋና ቋንቋዬ ነው የሚለው ሰው ከአገሩ ሕዝብ 1 በመቶ አይሞላም። የኡርስሊ ታሪክም መጀመሪያ የተገጠመው በሮማንሽ ነው። በዚያ ቋንቋ ልጁ ኡኦርሲን ይባላል።

«የነሱ ቡሄ ነው»

ይህ እኛ ብቻ የምንሠራው ስህተት ነው። የኡርስሊን የቃጭል በዓል ለልጆች ሳስረዳ አመለጠኝ፤ ልጆች ተሰባስበው እየዘፈኑ ሲዞሩ ሳይ ሆያ ሆዬ ትዝ አለኝ። መመሳሰሉ ደስ ይላል። ግን ቡሄ ከደብረ ታቦር በዓል ጋር የተያያዘ ነው። የነሱ ቻላንዳማርዝ ስሙ እንኳ «የመጋቢት መባቻ» ማለት ነው፤ የሚከበረው የክረምቱ ማብቂያ ነው። ክረምት ሲባልም ዝናብ እንዳይመስላችሁ። ወራት የሚቆይ በረዶ ነው። ይህ ካልተነገረ ልጁ ቃጭል ፍለጋ ሲወጣ ወላጆቹ ለምን ያን ያህል እንደተጨነቁ አይገባም።

ትንንሾቹ

ዛርሊ ካሪጄት ወንድሙ ነው፣ ተዋናይና ኮሜዲያን። ኮርኒሾን መድረክ ላይ የቆመው እሱ ነው። አሮጌ ፊልም ላይ «ካሪጄት» የሚል ስም ካያችሁ ሠዓሊው መስሏችሁ አትደነቁ።

በ2015 የወጣውን ፊልም አይቶ መጽሐፉን አውቃለሁ ማለትም አለ። ፊልሙ ውስጥ ተንኮለኛ ነጋዴ አለ። መጽሐፉ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ያለው በረዶና አንድ ትንሽ ቃጭል ነው።

«የልጆች ሠዓሊ ብቻ» የሚሉትም አሉ። በ1966 የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት ለሠዓሊዎች መሰጠት ሲጀምር የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ሥራው ጥላ ውስጥ ገባ። የግድግዳ ሥዕሎቹ፣ የገጠር ሕይወት ሥዕሎቹ፣ ፖስተሮቹ አሉ። ዕድል ያገኘ ከፖስተሮቹ ይጀምር።

የመጨረሻው ደግሞ፣ ኡርስሊን በስልክ ማየት። መጽሐፉ የተሠራው አግድም ሰፍቶ ጭን ላይ እንዲዘረጋ ነው። ስልክ ላይ ልጁ ይታያል፣ በረዶው ግን ነጭ ስክሪን ብቻ ይሆናል። ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱትና ጠረጴዛ ላይ ክፈቱት። ልጁ ወደ ጎጆው ሲወጣ የሚታይባቸውን ገጾች ፈልጉ። ከዚያ ልጁን ለትንሽ ጊዜ ተዉትና በዙሪያው ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ እዩት።