«ናትዊዝስታንዲንግ» ያለበትን የእንግሊዝኛ ውል እንዴት እናንብብ፣ ራሳችንስ እንዴት እንጻፈው

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኪራይ፣ የሥራ ወይም የብድር ውል ላይ ይህ ቃል አይጠፋም፤ ብዙ አንባቢ ግን ዘሎት ያልፋል። «ናትዊዝስታንዲንግ» (notwithstanding) በእንግሊዝኛ 15 ፊደላት ያሉት፣ ሳይነጣጠል የሚጻፍ ቃል ነው፤ ሲነበብ ጫናው «ስታን» ላይ ያርፋል። ትርጉሙ «ቢኖርም» ነው። ነጋሪት ጋዜጣ የሚያነብ ሰው «የዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ (1) ድንጋጌ ቢኖርም» የሚለውን አነጋገር ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ከጎኑ ባለው የእንግሊዝኛ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ይኸው ቃል ነው።

ሲበታተን «ናት»፣ «ዊዝ»፣ «ስታንዲንግ» ይሆናል። እዚህ ላይ «ዊዝ» የዛሬውን «ከ…ጋር» ሳይሆን የጥንቱን «በ…ላይ፣ ተቃርኖ» የሚለውን ትርጉም ይዟል፤ መቋቋም ማለት በሆነው «ዊዝስታንድ» ውስጥም ያለው እሱ ነው። የተቀዳውም «ኖን ኦብስታንቴ» ከሚለው የላቲን የሕግ አነጋገር ነው። ስለዚህ ቃሉ የሚለን «እገሌ የሚባለው ድንጋጌ እንቅፋት ሳይሆን» ነው።

ከዚህ የንባቡ ደንብ ይወጣል፦ ከ«ናትዊዝስታንዲንግ» ጋር የተጠራው አንቀጽ ተሸናፊ ነው፤ ከኮማው በኋላ የሚመጣው አሸናፊ ነው።

የቤት ኪራይ ውል እንውሰድ። አንቀጽ 3 የኪራዩ ዘመን 12 ወር ነው ይላል። ገጾች አልፈው አንቀጽ 17 ላይ «ናትዊዝስታንዲንግ ሴክሽን 3» ተብሎ ይጀመርና አከራዩ የ60 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይጻፋል። አንቀጽ 3ን ብቻ ያነበበ ተከራይ ዓመቱን ሙሉ የሚያስወጣው የለም ብሎ ይተኛል፤ ውሉ ግን ያንን ዋስትና አልሰጠውም። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። አንቀጽ 3 አልተሰረዘም፤ የተሸነፈው ከአንቀጽ 17 ጋር በሚጋጭበት ቦታ ብቻ ነው። አንቀጽ 17 የማቋረጥ መብት የሰጠው ለአከራዩ ስለሆነ ተከራዩ አሁንም በ12 ወሩ እንደታሰረ ነው። «ተሽሯል» እና «እዚህ ጋ ተሸንፏል» የሚሉትን መለየት የማይችል ሰው ይህን ቃል ገና አላነበበውም።

እንግዲህ ቃሉን ስታገኙ አስምሩበት፣ የጠራውን የአንቀጽ ቁጥር አክብቡ፣ ወደዚያ አንቀጽ ተመልሳችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ። ከዚያ «የሚጋጩት የት ላይ ነው? መብቱ የተሰጠውስ ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር ሳይጠራ «ናትዊዝስታንዲንግ ኤኒቲንግ ቱ ዘ ኮንትራሪ» ከመጣ፣ ማለትም «በዚህ ውል ውስጥ ተቃራኒ ነገር ቢኖርም» ካለ፣ ተሸናፊው ከዚያ አንቀጽ ጋር የሚጋጭ ማንኛውም የውሉ ክፍል ነው። በዚህ አነጋገር የሚጀምር አንቀጽ ካለ ከፊርማ በፊት ሁለት ጊዜ ይነበብ። ሆኖም ውል አስገዳጅ ሕግን በዚህ ቃል ሊያሸንፍ አይችልም፤ ሕጉ ለተከራይ ወይም ለሠራተኛ የማይነካ መብት ከሰጠ፣ ውሉ ውስጥ የፈለገውን ያህል «ቢኖርም» ቢደረደር መብቱ አይነካም።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ከ«ሰብጀክት ቱ» ጋር ነው፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። «ሰብጀክት ቱ ሴክሽን 3» ካለ የሚያሸንፈው አንቀጽ 3 ነው፤ ባለንበት ቦታ የተጻፈው ለእሱ ይገዛል። «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ ቱ» ደግሞ የእኛው «እንደተጠበቀ ሆኖ» ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 የግል ንብረት ባለቤትነት መብት እንደተጠበቀ ሆኖ መንግሥት ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ከፍሎ ለሕዝብ ጥቅም ንብረት መውሰድ እንደሚችል ይደነግጋል፤ እዚያ ላይ መብቱ ተጠበቀ እንጂ ተሸነፈ አልተባለም። በ«ቢኖርም» ቢተካ የሕጉ መንፈስ ይገለበጣል።

ወደ አጻጻፉ ስንመጣ፣ ቃሉ ከስሙ በፊትም በኋላም ይገባል፦ «ናትዊዝስታንዲንግ ዘ ዲሌይ» እና «ዘ ዲሌይ ናትዊዝስታንዲንግ» ሁለቱም «መዘግየቱ ቢኖርም» ናቸው። ሁለተኛው ለአማርኛ ጆሮ ይቀርባል፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6ም የፌዴራሉን ሕግ የበላይነት ሲደነግግ ቃሉን ያስቀመጠው በመጨረሻ ነው፣ ተቃራኒ የክፍለ ግዛት ሕግ «ቢኖርም» በሚል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተከተለ «ዛት» ይጨመርበት። «ኦፍ» ግን አይጨመርም፤ «ናትዊዝስታንዲንግ ኦፍ» ስህተት ነው።

የእኛ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ቦታ «በት» (but)፣ ማለትም «ግን» ነው። በአማርኛ «ማስጠንቀቂያ ቢሰጠውም ግን አልተመለሰም» ማለት ያስኬዳል፤ በእንግሊዝኛ «ናትዊዝስታንዲንግ» ብሎ ጀምሮ ከኮማው በኋላ «በት» መጨመር አያስኬድም። አንዱ ይበቃል።

ለጓደኛ መልእክት ወይም ለሥራ ማመልከቻ «ዲስፓይት» ይሻላል፤ ትርጉሙ ያው ነው፣ አንባቢንም አያደናቅፍም። «ናትዊዝስታንዲንግ» ቦታው ሕግና ውል ነው። ካናዳ ውስጥ እንዲያውም የአንድ ድንጋጌ መጠሪያ ሆኗል፦ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የመብቶችና ነፃነቶች ቻርተር አንቀጽ 33፣ ሕግ አውጪዎች የተወሰኑ የቻርተሩ መብቶች «ቢኖሩም» ሕጋቸው እንዲሠራ የማወጅ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። አዋጁ የሚቆየው ቢበዛ 5 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ካልታደሰ ይወድቃል።

ውል የምታረቁ ከሆነ፣ አንቀጽ 8 «ናትዊዝስታንዲንግ አንቀጽ 12» ብሎ አንቀጽ 12 ደግሞ «ናትዊዝስታንዲንግ አንቀጽ 8» እንዳይል ተጠንቀቁ። ሁለት አሸናፊ ስለማይኖር ነገሩ ለዳኛ ትርጓሜ ይቀራል። ይህ የሚመጣው ውሉን ከተለያዩ ናሙናዎች እየቀዱ ሲገጣጥሙ ነው። ረቂቁ ሲያልቅ በኮምፒውተር ቃሉን ፈልጉ፣ እያንዳንዱ የሚጠራውን አንቀጽ በወረቀት ላይ አስፍሩ፣ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩ ካሉ ከአንደኛው ላይ ቃሉን አንሡ። አንቀጽ ጨምራችሁ ወይም ቀንሳችሁ ቁጥሮቹ ከተዛቡም በየ«ናትዊዝስታንዲንግ»ው የተጠቀሰውን ቁጥር መልሳችሁ አስተካክሉ፤ ያለዚያ የሚሸነፈው ያላሰባችሁት አንቀጽ ይሆናል።